ለአስፋልትም ለጭቃም

«ሞተሩ ነው የበላት» አለች ከድንኳኑ ጥግ የተቀመጠች ሴት፣ ንፍሮዋን እየቆረጠመች። «ሴት ልጅ በዚያ ጭቃ ብቻዋን ስትመላለስ፣ መጨረሻው ይኸው ነው።»

ሱራ ሰማት። ሚስቱን የገደላት ሞተር አልነበረም። ፀዲ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ሆስፒታል ተረኛ ሆና የአንዲት ወላድ ትራስ ስታስተካክል «ራሴን… ራሴን» ብላ ወደቀች፤ በዚያው አልነቃችም። ሱራ ዞር ብሎ ይህን ለሴትዮዋ መንገር ይችል ነበር። አፉን መክፈት ግን ኩንታል እንደ ማንሳት ታከተው። ተወው።

ሠልስቱ አልፏል። ለቀስተኛው ከኬንያ ድንበር ኬላ ወዲህም ወዲያም ይመጣል። አንዱ «እግዜር ያጽናህ» ይለዋል፣ ሌላው በስዋሂሊ «ፖሌ ሳና» ይለዋል፤ ለሁሉም አንገቱን ይነቀንቃል። ሻይ ሲሰጡት ይጠጣል፤ ካልሰጡት አይጠይቅም። ሽማግሌዎቹ «አልቅስ፣ ይወጣልሃል» ይሉታል። የሚወጣው ነገር የት እንዳለ እሱም አላወቀም።

ፀዲን ያወቃት በጎማ ነው። ያኔም እንደ አሁኑ ከዋናው መንገድ ዳር የሞተር መለዋወጫ ይሸጥ ነበር። ነጭ ጋዋኗን በፌስታል ጠቅልላ ገባች።

«ጎማ ፈልጌ ነበር።»

«ለአስፋልት ነው ለጭቃ?»

«ለሁለቱም።»

«ለሁለቱም አንድ ላይ ይቸግራል፣ እህቴ። ባለትልልቅ ጥርሱ ጭቃውን ቧጦ ያወጣሻል፤ አስፋልት ላይ ግን ያንቀጠቅጥሻል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ዝናብ ላይ ፍሬን ስትይዢ ይከዳሻል። የአስፋልቱ ደግሞ ጭቃ ሲገባ ይደፈንና ሳሙና ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ የት ነው የምትነጂው?»

«በየቀኑ አስፋልት ነው፤ ከቤት ሆስፒታል። በየሳምንቱ ደግሞ ገጠር፣ ኦቦ እሄዳለሁ፣ እርጉዞችን ለማየት።»

«እንግዲያው የአስፋልቱን ውሰጂ። የሚታየው ብዙ የምትሄጂበት ነው።»

ፀዲ የተደረደሩትን ጎማዎች በጣቷ እየነካካች ቆየች። «አስፋልት ላይ ብወድቅ የሚያነሳኝ ሰው አለ» አለች። «ኦቦ መንገድ ላይ ስቀር ግን እዚያ የምትጠብቀኝ ሴት ምን ትሆናለች?»

ሱራ በማግስቱ ናይሮቢ ደወለና መካከለኛ ጥርስ ያለው ጎማ አስመጣላት፤ መሃሉ ለአስፋልት ጠጋ ጠጋ ያለ፣ ዳርና ዳሩ ለጭቃ ፈታ ያለ። ራሱ ገጠመላት። በዓመቱ ተጋቡ።

ረፋዱ ላይ ሀላኬ የሚባል ጎልማሳ ከኦቦ መጣ። ሽርጡ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ ጉልበቱ ተልጦ ይደማል። የሱራን እጅ ይዞ ብዙ ቆየ።

«እኛም ለቅሶ ላይ ነን» አለ በቦረንኛ በተቃኘ አማርኛው። «ሴቶቹ ሁሉ ሥራ ትተው ተቀምጠዋል። ፀዲ የእናንተ ብቻ አይደለችም።»

ከሱራ ጎን የተቀመጠችው የፀዲ የሥራ ባልደረባ ሻሮን ቀና አለች። «ሚስትህ ቱሪ እንዴት ናት? ቀኗ ደርሷል አይደል?»

«ደርሷል። እግሯ አብጧል። ከትናንት ጀምሮ ራሴን ትላለች።»

ሱራ ቀና አለ።

«ዛሬውኑ አምጣት» አለች ሻሮን። «ነገ እንዳትል። በዚህ ጭቃ መኪና አይገባም፤ አንተ አስፋልቱ ድረስ አውጣት፣ እኔ መኪና ይዤ እጠብቅሃለሁ።»

«ብቻዬን ስመጣ ስንቴ ወደቅኩ» አለ ሀላኬ ጉልበቱን እያየ። «እሷን ጭኜ ብወድቅስ?»

ሱራ ተነስቶ ወጣ። የሀላኬን ሞተር ጎማ በመዳፉ ዳሰሰው፤ ሙልጭ ብሏል። ከቤት የመፍቻ ሳጥኑን ይዞ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ወደ ፀዲ ሞተር ሄደ። ሁለቱ ሞተሮች አንድ ዓይነት ናቸው፤ የፀዲው ማርሹ ተሰብሮ ቆሟል፣ ቸርኬው ግን ከነጎማው ለሀላኬ ይገባል።

የፀዲ እናት አሰገደች ተከትለውት ወጡ። «ምን ልታደርግ ነው?»

«ጎማውን ላወጣለት ነው።»

«የልጄን ሞተር ልታፈርስ? አፈሯ ሳይደርቅ? ሐዘንተኛ መፍቻ ሲይዝ የት አየህ?»

«ራሷን አሟታል፣ እማማ።»

«ማንን?»

«የሱን ሚስት። እርጉዝ ናት።»

አሰገደች የሀላኬን ጉልበት አዩ። ነጠላቸውን አጠበቁ። ከድንኳኑ ተከትለው ወጥተው ወደቆሙት ሰዎች ዞሩና «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ሞተሩን ያዙለት እንጂ!» አሉ።

ሱራ ብሎኑን ፈታ። የኋላ ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ለዘብ ብሏል። ፀዲ ጭቃው ሲጀምር ጎማው እንዳይንሸራተት ንፋስ ታስተነፍሳለች፤ አስፋልት ስትደርስ መሙላቱን ግን ሁልጊዜ ትረሳለች። ጠዋት ጠዋት እሷ ቆማ ሻይ ስትጠጣ እሱ ነበር የሚነፋው። መንፊያውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ንፋሱ ለጭቃ ልክ ነው» አለው ሀላኬን። «እንዳትነካው። ቀስ ብለህ፣ ማርሽ ሳትለዋውጥ ንዳ።»

በጥርሶቹ መሃል የኦቦ ቀይ ጭቃ ደርቋል፤ የመጨረሻ ጉዞዋ ነው። እንደ ልማዱ በካቻቢቴ ይጠርግ ጀመር። አንድ የጭቃ ቁራጭ ሣር እንደያዘ መዳፉ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ አልጠረገም፤ ቁራጩን ሳጥኑ ክዳን ላይ አኑሮ ጎማዎቹን ከነጭቃቸው ገጠማቸው።

ሀላኬ ሄደ። ከመምሸቱ በፊት ቱሪን አስፋልቱ ላይ ያደርሳታል፤ ሻሮንም ትቀበላታለች፤ እናትም ልጅም ይተርፋሉ። ያን ሰዓት ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። የሞተሩ ድምፅ ሲጠፋ ወሬው ቀጠለ፣ ምሳም ቀረበ።

አሰገደች ማስታጠቢያ ይዘው መጡ። «በል ልጄ፣ ታጠብ። ዛሬ እንኳ ትንሽ ቅመስ።»

ሱራ ቀኝ እጁን ዘረጋ።

«ያኛውስ?» አሉት። «ግራሶ ነክቶታል እኮ።»

ግራ እጁን ጨብጦ ጭኑ ላይ አስቀምጦታል። በጣቶቹ መሃል ቀይ አፈር ይታያል። አሰገደች አዩት። ቀኝ እጁ ላይ ብቻ ውሃውን ቀስ አድርገው አፈሰሱለት።