ቀይ ለመንታ፣ አረንጓዴ ለነጠላ

ሰፈርተኛው ሁሉ «ዳኛው» ነበር የሚለው። ችሎት ረግጦ አያውቅም፤ ግን ሰው ክርክር መሀል ገብቶ ሳይፈርድ የማይወጣ ሰው ስለነበር ስሙ ተለጥፎበት ቀረ። በዚያ ዓመት በጎቹ መውለድ እንደ ጀመሩ ሚስቱ ቀዶ ሕክምና የተደረገላትን እህቷን ልታስታምም ሩቅ ከተማ ሄደች፤ ዳኛውም ለመጀመሪያ ጊዜ ከበረቱ ጋር ብቻውን ተፋጠጠ።

ማዋለዱን ያውቅበታል። ቀለም መቀባቱ ግን ሁልጊዜ የሚስቱ ሥራ ነበር፤ እሱ ይይዛል፣ እሷ ትረጫለች። መንታ የወለደች በግ ከነልጆቿ ቀይ ትቀባለች፤ ወተቷ ለሁለት ስለሚካፈል መኖ ወደሚበዛበት በረት ትገባለች። አንድ የወለደች አረንጓዴ ትቀባና ወደ ሌላው በረት ትሄዳለች። ሚስቱ ልትሳፈር አንድ እግሯን መኪናው ላይ እንዳደረገች ዘወር ብላ፣ «ቀለሙ አልቋል። ምራታችን ትግዛ፤ እሷው ትቀባልሃለች» አለችው።

«ቀለም መግዛት ደግሞ ምን ጥበብ አለው?» አለና ራሱ ሄደ።

የእንስሳት መድኃኒት መደብሩ ውስጥ የቀለም ጣሳው እንደ ሰልፈኛ ተደርድሮ ጠበቀው።

«የትኛውን ልስጥዎት አባባ?» አለች ሻጯ። «ዝናብ የማያስለቅቀው አለ፣ ሱፉ ሲታጠብ የሚለቀው አለ፣ ተዘቅዝቆም የሚረጨው አለ።»

«በግ የሚቀባውን ስጪኝ።»

«ሁሉም በግ ይቀባል።»

«እንግዲያው ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?»

«ይሄኛው ለአራስ ግልገል ቆዳ አያቃጥልም። ሱፍ የሚሸጡ ከሆነ ግን ያኛው ይሻልዎታል። ወይም እናቲቱን በዚያ፣ ልጁን በዚህ...»

ዳኛው ሊፈርድ አፉን ከፈተ፤ ፍርዱ አልመጣም። ከብዙ መቁለጭለጭ በኋላ የማያቃጥለውን መረጠና «አንድ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ» ብሎ ይዞ ወጣ።

በረቱ ጋ ደርሶ ጣሳዎቹን ሲያያቸው ሁለቱም አንድ ሆኑበት። ጽሑፉ በማያነበው ቋንቋ ነው። ፀሐይ ላይ አወጣቸው፤ ጥላ ውስጥ አስገባቸው፤ ዓይኑን አሸ። ያቺ ልጅ ተሳስታለች አለና ያንኑ መንገድ ተመለሰ።

«ልጄ፣ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ነው የሰጠሽኝ።»

ሻጯ ጣሳዎቹን አየች፤ እሱን አየች። «አባባ፣ እየቀለዱብኝ ነው? ይሄ ቀይ፣ ይሄ አረንጓዴ!»

ከኋላው ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። እሱም ፊቱ እየጋለ፣ «ላስቅሽ ብዬ ነው» ብሎ አብሮ ሳቀ። ቀይ ያለችውን በቀኝ እጁ፣ አረንጓዴ ያለችውን በግራው ጨብጦ፣ እንዳይቀያየሩበት ላብ ሲያደርገው መንገዱን ጨረሰ። የበረቱን በር ለመክፈት ግን ሁለቱንም መሬት ማስቀመጥ ግድ ሆነ። ብድግ ሲያደርጋቸው የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፋበት። ቆመ፣ አሰበ። ጠቆር የምትለው ቀይ መሆን አለባት ብሎ ፈረደ፤ መንታ የወለዱትን ሁሉ በእሷ፣ ነጠላ የወለዱትን በሌላዋ ቀባ።

መኖ የምትሰጠው ምራቱ ነበረች። ቀለሙን እያየች አንዷን ወዲህ፣ አንዷን ወዲያ ለየች። እሱም እሷም ሥራቸውን በደንቡ የሠሩ መሰላቸው። ከቀናት በኋላ ግን ከወዲያኛው፣ መኖ ከሚያንስበት በረት የግልገል ዋይታ አላቋርጥ አለ። ምራቱ ገብታ ብታይ፣ አንዲት አጥንቷ የወጣ በግ ሁለት ግልገል ሥሯ ተንጠልጥለውባታል፤ አንደኛው መቆም አቅቶታል።

«አባባ፣ ይህቺ እኮ መንታ ናት! ለምን አረንጓዴ ቀቧት?»

«ቀይ ነው እንጂ።»

«አረንጓዴ ነው አባባ።»

«አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽን ያምሻል?»

ምራቱ ሄዳ ባሏን ጠራችው። ልጁ መጣና አንድ ባልዲ ከፍ አድርጎ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ድምፁን አለስልሶ፣ «አባዬ፣ ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አለው።

ያን ጊዜ ዳኛው ሰማይ ምድሩ ዞረበት። የገዛ አባቱ በስተርጅና ልጆቹን ሳይለይ ነው የሞተው። «መጣብኝ» አለ በሆዱ። ባልዲውን ትቶ ገባና ለሚስቱ ደወለ።

«ወይ እነዚህ ልጆች አብደዋል፣ ወይ እኔ አብጃለሁ።» ነገሩን ዘረገፈላት።

«ምነው ለምራታችን ተውላት ብዬህ!» አለች ሚስቱ። «አላበድክም። ድሮም ቀይና አረንጓዴ አይለዩልህም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ስትወለድም እንዲሁ ሳትሆን አትቀርም። እኔ ያወቅሁት በተጫጨን ሰሞን ነው፤ አንድ ቀይ አንድ አረንጓዴ ካልሲ አድርገህ አባቴ ፊት እግርህን አነባብረህ የተቀመጥክ ዕለት።»

«ታዲያ አትነግሪኝም?»

«ነገርኩህ እንጂ! ‹ሴት ቀለም ታበዛለች› ብለህ ፈረድክብኝ። ከዚያ ወዲያ ዝም ብዬ ልብስህን ማውጣት ጀመርኩ።»

ስልኩን ከዘጋ በኋላ የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ። ቲማቲም ልልቀም ሲል «ወገብህን ያምሃል፣ ተቀመጥ» የምትለው፣ መንገድ ሲሻገሩ የትራፊክ መብራቱ ጋ ክንዱን ጠበቅ የምታደርገው ለዚህ ኖሯል? እሱ ፍቅር ነው ብሎ ነበር። ነው እንዴ? አይደለም እንዴ? አንዴ ይናደዳል፣ አንዴ ብቻውን ይስቃል፣ ወዲያው ደግሞ ዓይኑ እንባ ያቀራል። ለየትኛው እንደሚፈርድ ጨርሶ አላወቀም።

በማግስቱ መደብሩ ሄዶ ሰው ፊት፣ «ቀይና አረንጓዴ አይለዩልኝም» አለ። ማንም አልሳቀም። ሻጯ ካርቶን አውጥታ ካለው ቀለም ሁሉ ረጨት ረጨት አደረገችለት፤ ሰማያዊውና ቢጫው እንደ ጠላትና ወዳጅ ተለይተው ታዩት። ከምራቱ ጋር በጎቹን በእነዚያ እንደገና ቀቧቸው። የደከመውን ግልገል በጡጦ ሊያስነሱት ሞከሩ፤ አልተረፈም። ዳኛው ራሱ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው፤ የዚያን ቀን እህል በአፉ አልዞረም።

ሚስቱ የተመለሰች ዕለት መናኸሪያ ድረስ ሄዶ ተቀበላት። ሻንጣዋን ተቀብሎ የአንገቷን ሻርፕ አተኩሮ ያይ ጀመር።

«ይሄ ምን ዓይነት ነው?»

«ቀይ ነው።» ፈገግ አለች። «ላንተ ምን ይመስልሃል?»

ቆም ብሎ አሰበ። «የደረቀ ሣር» አለ። «ጠል የነካው የደረቀ ሣር።»

ሚስቱ ሻርፏን ከአንገቷ ፈታ በእጇ ያዘችና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታየው ሁሉ እያገላበጠች አየችው።