ማሽኑ ሲቆም

«አያጥፉት፣ ጋሽ ካሳዬ።»

እምሩ ይህን ያለው ካሳዬ ጆሮ ድረስ ተጠግቶ ነው። የካሳዬ አውራ ጣት ማጥፊያው ላይ እንዳለ ቀረ። መፋቂያ ማሽኑ በዋንዛው ሳንቃ ላይ ይጮኻል፤ ብናኙ ተነሥቶ በእምሩ ጠመንጃ አፈሙዝ ላይ ያርፋል።

«ካጠፉት እነሱ ዝም ይላሉ» አለ እምሩ በትሕትና። «መኪናው ከከፍተኛ ጽሕፈት ቤት እስኪመጣ ሥራዎን ይሥሩ። ከእርስዎ የምፈልገው ይህንኑ ብቻ ነው።»

እምሩ የሰፈር ልጅ ነው። አብዮት ጥበቃ ሆኖ ጠመንጃ ከያዘ ወዲህም ካሳዬን «እርስዎ» ማለቱን አልተወም። ካሳዬን ያስደነገጠው ግን ጠመንጃው አልነበረም። «ካጠፉት እነሱ ዝም ይላሉ» የሚለው ቃል ነው። ይህን ከየት አመጣው?

ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ በየሐሙሱ የሚሰበሰቡት ከዚህ ወርክሾፕ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ያለው ይህ ሰፈር ግድግዳው ከግድግዳ የተጣበቀ በመሆኑ ሹክሹክታ እንኳ ጎረቤት ይደርሳል። ስለዚህ ሕግ አወጡ። ማሽኑ ሲጮኽ ይዘምራሉ። ማሽኑ ሲቆም ድምፅ ይቆማል፤ መጽሐፍ ቅዱሱ ሰጋቱራ ጆንያ ውስጥ ይገባል፤ እነሱም እቁብ ሊጥሉ የመጡ ሰዎች ይሆናሉ። ይህን ሕግ ከክፍሉ ሰዎች በቀር የሚያውቀው የለም። እንግዲያው የተናገረው ከመካከላቸው አንዱ ነው።

ካሳዬ ማሽኑን ገፋ። ሌላ ምን ያድርግ?

የሳንቃው ወርድ ከአንድ በር ይሰፋል። እንዲህ ያለ እንጨት በእጅ መላጊያ አይቀመስም። ስለዚህ በግራና በቀኙ ሁለት ቀጥ ያሉ የእንጨት ሐዲዶች ተዘርግተዋል፤ ማሽኑ የተቀመጠበት ሰሌዳ በእነሱ ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ማሽኑ የሳንቃውን ጉብታና ጉድጓድ አይከተልም። የሚከተለው ሐዲዱን ነው፤ ከዚያ መስመር በላይ ያበጠውን ሁሉ ላጭቶ ይጥላል። ካሳዬ የሳንቃውን ገጽ አስቀድሞ በከሰል አስምሮበታል፤ ጥቁሩ ሲጠፋ ያ ቦታ ተስተካከለ ማለት ነው።

ሐዲዶቹን የላገለት በፍቃዱ ነው። አብሮ አደጉ፣ አምስት ኪሎ የእጅ ሥራ የሚያስተምረው፣ መዝሙሩን የሚመራው በፍቃዱ። ሕጉንም ያሰበው እሱ ነበር። የቀበሌው አዳራሽ የስብሰባ ጠረጴዛ ለካሳዬ እንዲታዘዝም ደጅ የጠናለት እሱ ነው። «ይህን የሚያህል እንጨት ሲላግ ከሰዓቱን ሙሉ ይጮኻል» ብሎት ነበር። «እነሱ ባዘዙት ጠረጴዛ ተከልለን እንዘምራለን።» ያን ቀን ሁለቱም ዕንባቸው እስኪመጣ ሥቀዋል።

ማን ይሆን? በቅርብ የተቀላቀለችው ነርሷ አባይነሽ ናት፤ ጸሎት ሲያበቃ ማንንም ሳትሰናበት ሹልክ የምትለው። እሷ ትሆናለች። ወዲያው ግን ባለፈው ሐሙስ የሚስቱን የዘቢደርን እጅ ይዛ ስታለቅስ ትዝ አለችውና አፈረ። ከዚያ ሐሳቡ ወደማይሄድበት ሄደ። ዘቢደርስ? የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ከሴቶቹ ጋር ስትጫወት አምልጧት ቢሆንስ? ሃያ ዓመት አብራው የኖረችውን ሴት በአንድ የሰሌዳ ግፊያ ጠረጠራት። በሰዎቹ ሁሉ ላይ እንዲህ ዞረ። በፍቃዱ ጋ ሲደርስ ግን አልቆመም፤ አልፎት ሄደ።

ከአንድ ሳህን የበላ፣ አጠገቡ ተንበርክኮ ያለቀሰ ሰው ነው የሸጣቸው። ያ ሰው አሁን ከግድግዳው ማዶ አፉን ከፍቶ እየዘመረ ነው። ማሽኑ ስለሚጮኽ ግን ካሳዬ አንዱንም ድምፅ ከሌላው ሊለይ አይችልም።

ጥቁሩ መስመር እየሳሳ ሄዶ በሩ ጋ ያለው ጫፍ ብቻ ቀረ። እምሩ አንገቱን አውጥቶ መንገዱን አየ።

«መጡ» አለ።

ማጥፊያውን ቢነካ እምሩ እጁን ይይዘዋል። ካሳዬ የስለቱን ጥልቀት የያዘውን ብሎን ፈታ። እምሩ የሥራው ወግ መስሎት ያያል። ካሳዬ ማሽኑን በሁለት እጁ ቁልቁል ተጫነው። ስለቱ ዋንዛው ውስጥ ሰመጠ፤ ከሰዓቱን ሙሉ የተስተካከለውን ገጽ አርሶ አለፈ። ሞተሩ አቃሰተ፣ የተቃጠለ ሽቦ ሸተተ፣ ከዚያ ቆመ። ሁለተኛ እንደማይነሣ ካሳዬ ያውቃል። የሚበላው በእሱ ነበር።

የማዶው መዝሙር እንደ ሕጉ ተቆረጠ። ወንበር ተንቋቋ፤ ጆንያ ሲጎተት ተሰማ። ካሳዬ ተነፈሰ።

አንድ ድምፅ ግን አልቆመም። ጎርናና ነው፣ አይቸኩልም። ካሳዬ ይህን ድምፅ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ሌሎቹ ካቆሙበት ቃል ቀጥሎ ብቻውን ይዘምራል።

«በፍቃዱ!» አለች ዘቢደር ከማዶ በሹክሹክታ። «ማሽኑ ቆሟል እኮ።»

ድምፁ ይበልጥ ከፍ አለ፤ ደጅ ድረስ እንዲሰማ የፈለገ ይመስል።

ደጅ የመኪና በር ተዘጋ። እምሩ ወደ ክፍሉ መሄድ ሲገባው ቆሞ የካሳዬን ፊት አየና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «ጋሽ ካሳዬ» አለ።

ካሳዬ እጁን ከትኩሱ ማሽን ላይ አላነሣም። ሁሉን ሲጠረጥር የዘለለው ይህን አንዱን ነበር። ከግድግዳው ማዶ ዘቢደር፣ በፍቃዱ ያልሰማት መስሏት፣ ደግማ ተጣራች።

«በፍቃዱ» አለች፣ «ወንድሜ።»