የማንም ያልሆነው አስኳል

እኔ ሆርቴንሲያ ኡርኪሱ በሱክሬ ከተማ የሕክምና ፋኩልቲ የተግባር አስተማሪ ነኝ፤ በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መዶሻውን የማቀብለው፣ የግፊት መለኪያውን የምነፋው፣ ፈተናውን አውጥቼ የማርመው እኔ ነኝ። ንግግሩን የሚያደርጉት ሌሎች ናቸው። ይህን የምለው ምስጋና ቢጤ ፈልጌ አይደለም። ተናድጄ ነው፤ ንዴቱም ዓመት አልፎት እንኳ አልወጣልኝም።

በእኛ ዘንድ የነርቭ ትምህርት ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ይሰጣል፤ ባለቤቱ ዶክተር ሌአንድሮ አንሶሌአጋ ነው። የዕጢና የሆርሞን ትምህርት ከነሐሴ እስከ ኅዳር ይሰጣል፤ ባለቤቱ ዶክተር ኦክታቪዮ ኢቱሪ ነው። ሁለቱ ለዲንነት ተወዳድረው ሁለቱም ከወደቁ ወዲህ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የላቸውም። ደረጃ ላይ ከተገጣጠሙ አንዱ የጫማውን ማሰሪያ ሊያጠብቅ ጎንበስ ይላል።

ታዲያ ኩላሊት ጫፍ ላይ እንደ ቆብ የተቀመጠች ዕጢ አለች። ውጫዊ ክፍሏ እንደ ማንኛውም ዕጢ ነው። አስኳሏ ግን ከነርቭ ዘር ነው፤ ሰው ሲደነግጥ ልቡን የሚያስመታውን ሆርሞን ደም ውስጥ የሚረጨው እሱ ነው። አንሶሌአጋ «ደም ውስጥ የሚረጭ ነገር የኢቱሪ ነው» ብሎ ይዘለዋል። ኢቱሪ «ከነርቭ የመጣ ነገር የአንሶሌአጋ ነው» ብሎ ይዘለዋል። ስለዚህ አሥራ ስድስት ዓመት ማንም አላስተማረውም። ሦስት ጊዜ ለዲኑ ጻፍኩ፤ ሦስት ጊዜ «ደብዳቤዎ ደርሶኛል» የሚል መልስ መጣ። በአራተኛው «ከተመደበልዎ የተግባር ሥራ አይለፉ» አለኝ። እኔም አላለፍኩም።

አንድ ረቡዕ ጠዋት አንሶሌአጋ ለስልሳ ሁለት ተማሪዎች ሊያሳያቸው አንዲት በሽተኛ ወደ አዳራሹ አስመጣ። ዶኛ ኒካሲያ ቾኬቪልካ ይባላሉ፤ የስልሳ ዓመት ሴት፣ በገበሬዎች ገበያ የተቀቀለ በቆሎ ሻጭ። ዓርብ ጠዋት ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ተይዞላቸዋል። ሰውነታቸው አልፎ አልፎ ስለሚናወጥ፣ ቀዶ ሐኪሞቹ «የሚያሰጋ ነገር የለም» የሚል ማኅተም ከነርቭ ክፍል ይፈልጋሉ። አንሶሌአጋ የመጣው ማኅተሙን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው።

«ይቺን ሴት ተመልከቱ» አለ። ታላቅ እህቱ የሚሆኑትን ሴት አንቺ ማለቱ ገና ሲጀምር ደሜን አፈላው። «አሥራ ሁለት ዓመት ልቤ ልቤ ትላለች። ምርመራው ሁሉ ጤነኛ ነው። ይህ ነርቪዮስ ነው፤ ጭንቀት የወለደው ሕመም። ከአሥር የገበያ ሴቶች ዘጠኙ አለባቸው፤ አሥረኛዋም ተራ እየጠበቀች ነው።»

ተማሪዎቹ ሳቁ።

«እኔ ልቤን አላልኩም» አሉ ዶኛ ኒካሲያ። «ጭንቅላቴን ነው ያልኩት። ልቤን ያላችሁት እናንተ ናችሁ።»

«የሚመጣብዎት መቼ ነው?» አልኳቸው። መጠየቅ ሥራዬ አልነበረም።

«ድስቱን ላነሳ ጎንበስ ስል። መጀመሪያ የሰፈራችን ባለመድኃኒት ዘንድ ነበር የሄድኩት፤ ጎረቤቶቼ የነፍስ ድንጋጤ ነው ብለውኝ። ‹ምን አስደነገጠሽ?› አለኝ። ምንም አልኩት። ‹መቼ ይነሳብሻል?› አለኝ። ስጎነብስ አልኩት። ‹ድንጋጤ ጎንበስ እስክትይ አይጠብቅም። ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ሂጂ› ብሎ የወሰድኩለትን የኮካ ቅጠል እንኳ መለሰልኝ።»

«እግዜር ይስጠው፣ ባልደረባችን በሽተኛ ላከልን» አለ አንሶሌአጋ፤ ተማሪዎቹም ደግመው ሳቁ። ልብ በሉ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሕክምናን ወግ የጠበቀ ሰው ቢኖር ያ ባለመድኃኒት ብቻ ነው። ጠየቀ፣ ሰማ፣ የማያውቀውን አላውቅም አለ።

«በቃ፣ ልትሄጂ ትችያለሽ» አላቸው። ከወንበሩ ሲነሱ ጨርቃቸው ውስጥ የተቋጠረው ዕቃ ወደቀ። ሊያነሱት ጎንበስ አሉ። ሲቃኑ ፊታቸው አመድ መስሏል። ላቡ ከግንባራቸው ወደ አገጫቸው ወረደ፤ ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ።

«ይኸውላችሁ» አለ አንሶሌአጋ። «ተመልካች ሲያገኝ ይብስበታል።»

መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ጠቅልዬ ነፋሁ። ሁለት መቶ ሃምሳ በመቶ አርባ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት።

«መለኪያው አርጅቷል፣ ዶክቶራ።»

ፊት ለፊት የተቀመጠችውን ዊልማ ባሪዮኑኤቮን ጠርቼ በዚያው መለኪያ ለካኋት። መቶ አሥር በሰባ። ዊልማ ከክፍሉ አንደኛ ናት። ሳቁ ቆመ። ወደ ስልሳ ሁለቱም ዞሬ «ሰው ሲጎነብስ ሆዱ ተጭኖት፣ ያለ ምንም ድንጋጤ የድንጋጤ ሆርሞን ሊረጭ የሚችል የትኛው አካል ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

አንድም እጅ አልወጣ። በመጨረሻ ዊልማ፣ ቀልድም ክፋትም በሌለበት ድምፅ፣ «ዶክቶራ፣ እሱ እኮ ፕሮግራሙ ላይ የለም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ፕሮግራሙን አይቼ ፈተና የማወጣው እኔ፣ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብዬ የማሳልፋቸውም እኔ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። አንሶሌአጋን ከማየት ይልቅ ራሴን ማየት የበለጠ አቃጠለኝ።

ዶኛ ኒካሲያ ሩብ ሰዓት ቆይተው ተሻላቸው፤ ግፊታቸውም ወረደ። አንሶሌአጋ ወረቀቱን አወጣና «የሚያሰጋ ነገር የለም» በሚለው ላይ ማኅተሙን መታ።

ተከትዬው ወጣሁ። «ዶክተር፣ ይህ የአስኳሉ እብጠት ሊሆን ይችላል። ሳይዘጋጁ በሰመመን ቢያስተኟቸውና የቀዶ ሐኪሙ እጅ ቢነካው ግፊቱ ይፈነዳል። ሴትዮዋ ከጠረጴዛው አይነሱም።»

«የሚሉት ነገር ሆርሞን ነው። ሆርሞን ሦስተኛ ፎቅ ነው።»

ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ኢቱሪ ሻዩን እየጠጣ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ፤ ራሱንም ነቀነቀ። «ግሩም ነው፣ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ» አለኝ። «ነገር ግን አስኳሉ ነርቭ ነው። እኔ የዚያን ሰውዬ ማኅተም ብሽር ነገ በጋዜጣ ያወጣኛል። እሱ ራሱ በጽሑፍ ይጠይቀኝ።» ወረድኩ። አንሶሌአጋ «እኔ? እሱን? በጽሑፍ?» ብሎ ሳቀ። ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ሻዩን የሚጨርስ ሰው፣ ከሚስቀው ሰው በምን ይሻላል?

ሐሙስ ጠዋት ሰመመን ሰጪውን ጎንሳሎ አራንሲቢያን ፈለግኩት፤ የድሮ ተማሪዬ ነው። ነገሩን ስነግረው ጓንቱን እያወለቀ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ዶክቶራ፣ ይሄንን እኔን አስተምረውኝ ነበር?»

«አላስተማርኩህም።»

«እኔ እኮ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሳስተኛ ነው የኖርኩት።» ሌላ ሊጨምር ፈልጎ ተወው። «ማኅተም ተመትቶበታል፤ እኔ ማስቀረት አልችልም። እሳቸው ራሳቸው እምቢ ካሉ ግን ማንም አያስገድዳቸውም።»

ምሳ ሰዓት ላይ አልጋቸው ጠርዝ ተቀመጥኩ። ሳህናቸው ላይ የተቀቀለ እንቁላል ነበር፤ ለሁለት ከፍዬ አሳየኋቸው። ነጩ ዕጢ፣ አስኳሉ ከነርቭ ዘር። ነርቭ ምንድን ነው አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ሆርሞንስ አሉኝ፤ ነገርኳቸው። እያኘኩ አሰቡ።

«እንግዲያው ነርቭ ማለት እኔ አንዷን ደንበኛዬን በስሟ ስጠራት ነው። ሆርሞን ደግሞ በገበያው ድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ፤ ሁሉም ሰው ነው የሚሰማው።»

«ልክ ነው።»

«የኔ ማጉያ ማንም ሳይነካው ይጮሃል ማለት ነው።»

«ይነካል እንጂ። እብጠት ካለበት...»

«ስጎነብስ ሆዴ ይጫነዋል!» አሉና ሳህኑን አስቀመጡት። «አሥራ ሁለት ዓመት ስጎነብስ ነው፣ ስጎነብስ ነው እያልኩ!»

እርግጠኛ መሆኔን ጠየቁኝ። አይደለሁም፣ መጠርጠር ነው አልኳቸው። እርግጡን ለማወቅ የአንድ ቀንና የአንድ ሌሊት ሽንት አጠራቅሞ ላፓዝ መላክ፣ ከዚያ ሆድን በምስል ማየት ያስፈልጋል። እብጠት ከሆነም ግፊቱን የሚያበርድ መድኃኒት ለሳምንታት ተወስዶ እንጂ እንዲህ በድንገት አይቀደድም። ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው። በሦስተኛው እኔን አረሙኝ። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ትምህርት ሳስተምር እሳቸው የመጀመሪያዬ ናቸው፤ እንደሳቸው የገባው ተማሪም አላጋጠመኝም።

ዓርብ ሊወስዷቸው ሲመጡ ዶኛ ኒካሲያ ጫማቸውን አድርገው አልጋው ላይ ተቀምጠዋል። «አልሄድም» አሉ። ማኅተም የተመታበትን ቀዶ ሕክምና በሽተኛ እምቢ ካለ ማኅተሙን የመታው ክፍል ኃላፊ መጥቶ መፈረም አለበት፤ ደንቡ ነው። አንሶሌአጋ ተጠራ። በሽተኛዋ ስለ ሆርሞን ነው የሚያወሩት ስለተባለ ኢቱሪም ተጠራ። ሁለቱ ከአልጋው ግራና ቀኝ ቆሙ፤ በአሥራ ስድስት ዓመት መጀመሪያቸው ነው። ዊልማና ጓደኞቿ በሩ ላይ ተደርድረዋል። ጎንሳሎ ከኋላዬ ነው።

ዶኛ ኒካሲያ ሁሉንም ተናገሩ። እንቁላሉን፣ ማጉያውን፣ ሆዳቸው ሲጫነው የሚሆነውን፣ ሲያስተኟቸው ሊሆን የሚችለውን። አንድ ቃል አላዛነፉም።

«ይህንን ማን ነው የነገራት?» አለ አንሶሌአጋ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ያም ሆነ ይህ የነርቭ ክፍልን አይመለከትም።»

ኢቱሪ ወደሱ ሳያይ ለግድግዳው ተናገረ፤ «አስኳሉ የማን እንደሆነ ለባልደረባዬ ንገሩልኝ።»

ቀዶ ሐኪሙ እስክሪብቶውን አንስቶ ትዕግሥቱ አልቆ ቆሟል። «ጌቶቼ፣ ሌሎች በሽተኞች አሉብኝ። የማን እንደሆነ ንገሩኝና እሱ ይፈርም።»

«የኔ ነው» አሉ ዶኛ ኒካሲያ።

ሁላችንም ዞርን።

«ያለው እኔ ሆድ ውስጥ ነው። ወረቀቱን አምጣው፣ እኔ እፈርማለሁ። አሁን የሽንት ማጠራቀሚያውን የሚያመጣልኝ ማን ነው? ወይስ እሱም የማንም አይደለም?»

ዊልማ ሮጠች። ሁለቱ ሊቃውንት የየራሳቸውን ጫማ ሲያዩ ቆዩና በተለያየ ደረጃ ወጡ።

የላፓዙ ውጤት በሦስት ሳምንት መጣ፤ የተፈራው ነበር። እብጠቱ አንድ እንቁላል ያህላል። መድኃኒቱን ስድስት ሳምንት ከወሰዱ በኋላ ተቀደዱ፤ ያስተኛቸው ጎንሳሎ ነው፣ አጥንቶበት። ዛሬ ድስታቸውን ራሳቸው ያነሳሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ንዴቴም ባበቃ ነበር። በመስከረም ጎንሳሎ አንድ ወረቀት ይዞልኝ መጣ። የቀዶ ክፍሉን የድሮ መዝገብ ሲያገላብጥ ነው የሰነበተው። ሦስት ስም። ሦስቱም ራሳቸውን ያማቸው የነበሩ፣ ላብ የሚያጠምቃቸው፣ «ነርቪዮስ» ተብሎ ማኅተም የተመታላቸው፣ ከጠረጴዛው ያልተነሱ። አሁን ምን እንደገደላቸው ማወቅ አይቻልም። ያስተኟቸውን ሦስቱን ሐኪሞች ግን አውቃቸዋለሁ። አስተምሬያቸዋለሁ፤ ሁሉም በጥሩ ውጤት አልፈዋል።

በኅዳር ፈተና ላይ ስለ አስኳሉ አንድ ጥያቄ አስገባሁ፤ ፈቃድም አልጠየቅኩ። በሳምንቱ የዲኑ ደብዳቤ መጣ፤ ከፕሮግራም ውጭ ስለ መፈተን የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው፣ መልስ በጽሑፍ እጠብቃለሁ ይላል። ገልብጬ በጀርባው ላይ ሦስቱን ስሞች ጻፍኩ፤ ከነዕድሜያቸው፣ ከነሞቱበት ቀን። ከታች ደግሞ «ደብዳቤዎ ደርሶኛል» ብዬ ፈርሜ መለስኩለት።