የሱለይማን ውሃ

ሾፌሩ ዳምጠው የቢሮውን መኪና ወደ ቤቱ ግቢ ያስገባት በገዛ አፉ ለምኖ ነው። «ቤቴ እጠግናታለሁ፤ ጋራዥ ምን ያደርጋል?» ሲል የቢሮው ኃላፊ ደስ አለው። ክልሉ ከተቋቋመ ገና ሁለተኛ ዓመቱ፣ ቢሮው ከወንበር ይልቅ ማኅተም የበዛበት ጊዜ ነበርና፣ በነጻ የሚሠራ ሰው ሲገኝ ማን ይጠይቃል? ባልደረቦቹ «አቤት የመንግሥት ንብረት ሲወድ!» እያሉ ቀለዱበት። አብሯቸው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

እውነቱ ሌላ ነው። ኮፈኑን ሌላ ሰው እንዲከፍተው አልፈለገም።

መኪናዋ ባለቱርቦ ናፍጣ ናት። ቱርቦው ሲግል የሚያቀዘቅዘው፣ ከበስተኋላው በተደበቀች ጣት በምታህል የጎማ ቱቦ የሚመጣ ውሃ ነው። ባለፈው ሚያዝያ ይህች ቱቦ ተሰነጠቀች። አዲሷ ቱቦ እቤቱ ሳጥን ውስጥ ተቀምጣለች፤ ዳምጠው ግን ፋሲካን ዳንግላ ከናቱ ጋር ሊውል ትኬት ቆርጧል፣ አውቶቡሱም ሊነሳ ነው። ስለዚህ ከብስክሌት ካላማዳሪ፣ ከውስጠኛው ጎማ፣ ቁራጭ ቀዶ ጠመጠማት፣ በሽቦ ሁለት ጊዜ አዙሮ ጫፉን ወደ ውስጥ ቀበረው። ቁልፉን ለተተኪው ሾፌር ለሱለይማን ሲያስረክብ «ምንም የላትም» አለው።

መኪናዋ ውሃዋን አፍስሳ ቆመችበትና ሱለይማን ከመንጌ ወዲያ ቆላው ውስጥ ብቻውን ቀረ። በሦስተኛው ቀን ከመኪናዋ ብዙ ርቆ ዛፍ ሥር ወድቆ አገኙት። የመጠጥ ጀሪካኑ ባዶ ሆኖ ራዲያተሩ አጠገብ ተጋድሟል። ሁልጊዜ «መጀመሪያ መኪና ይጠጣል፣ ከዚያ ሾፌር ይደርሳል» ይል ነበር፤ እንዳለውም አደረገ። ሰው ሁሉ «ሙቀት ገደለው» አለ። ማንም ኮፈኑን ከፍቶ ያየ አልነበረም፤ መኪናዋም ተጎትታ መጥታ ቢሮው ግቢ ማንጎ ሥር ስምንት ወር ቆመች።

ዓርብ ቀትር ላይ ዳምጠው ኮፈኑን ከፈተ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ራዲያተሩ ደርቆ ዝጓል፤ እሱ ግን መኪናዋ ግቢው ከገባች ጀምሮ የውሃ ድምፅ ይሰማዋል። ጠብ። ጠብ። ከሥሯ ተንጋሎ መሬቱን በእጁ ዳሰሰ፤ አቧራ ነው። ፈራ። ቶሎ ብሎ እጁን ከቱርቦው ኋላ ሰዶ ያቺን ጭርንቁስ ጎማ ከነሽቦዋ ፈልቅቆ ጣላት።

«ዳምጠው፣ ሰላም ዋልክ?»

የሱለይማን ሚስት ኻሚሳ ናት፤ በአጥር ነው የሚዋሰኑት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ዓርብ ዓርብ፣ በጥም ለሞተው ሰደቃ ይሁን ብላ፣ ለመንገደኛ ውሃ ታድላለች። ዛሬም ቢጫ ጀሪካኗን ይዛለች።

«መኪና ውሃ ይፈልጋል አሉኝ። አመጣሁ እኔ። ሱለይማን ይቺን መኪና ይወዳል።» ዓይኗ መሬት ላይ ወደቀ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«እሱማ…» አለ ዳምጠው። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ሱለይማን መንገድ ላይ ያሰረው ይመስለኛል።»

ኻሚሳ ጎንበስ ብላ ጎማዋን አነሳችና ከጀሪካኗ እጀታ ጎን ያዘቻት። እጀታው አምና ተሰብሮ የጠገነላት ዳምጠው ነበር። በብስክሌት ካላማዳሪ ጠምጥሞ፣ በሽቦ ሁለት ጊዜ አዙሮ፣ «እጅሽን እንዳይወጋሽ» ብሎ ጫፉን ወደ ውስጥ ቀብሮላታል።

«ሱለይማን ማሰር አያውቅም» አለች። «የጫማ ክር እኔ አስርለታለሁ። ይሄን አንተ አሰርክ። ያንንም አንተ።»

ዳምጠው ስምንት ወር በሆዱ የያዘው ነገር በአንዲት ቃል ወጣ።

«አዎ። አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው።»

ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትጮህ በወደደ። እሷ ግን እንደ ማንኛውም ጠያቂ ጠየቀችው።

«አዲስ ማስገባት ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ግማሽ ሰዓት።»

«ሥራ። እኔ እዚህ ቁጭ እላለሁ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ዳምጠው ሳጥኑን ከፍቶ አዲሷን ቱቦ አወጣ። ካቻቢቴው ሁለት ጊዜ ከእጁ አመለጠ፤ ጣቱ ደማ። አሮጌዋን ቱቦ ነቅሎ የምትገባበትን አፍ ዝገት ፋቀ፣ ቱቦዋን ገፍቶ አስገባ፣ ማሰሪያዋን አጠበቀ። በዚህ ሁሉ መሐል ቀና ብሎ አላያትም፤ ዓይኗ ግን ከእጁ እንዳልተነሳ ያውቃል።

ሲጨርስ ኻሚሳ ተነስታ ጀሪካኑን ራዲያተሩ አፍ ላይ ዘቀዘቀችው። «ተዪው፣ እኔ ውሃ አለኝ» ቢላት «ሰደቃ አይመለስም» አለችና እስከ መጨረሻ ጠብታዋ አፈሰሰች። ዳምጠው ሞተሩን አስነሳው። ቱርቦው ጋለ፤ ከቱቦዋ አንዲት ጠብታ አልወጣችም።

ኻሚሳ ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች።

«እውነትህን ነው» አለች። «ግማሽ ሰዓት ነው።»

ከጀሪካኗ እጀታ ላይ የሱን ማሰሪያ ፈትታ ከመኪናዋ ማሰሪያ ጎን መሬት ላይ አስቀመጠችው። እጀታው ለሁለት ተከፈለ። ባዶውን ጀሪካን እንደ ሕፃን ታቅፋ በአጥሩ ቀዳዳ ገባች።

ዳምጠው ሞተሩን አጥፍቶ ጆሮውን ሰጠ። ከዚያ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ደረቁን መሬት ዳሰሰ፤ ድምፁ ግን አሁንም ይሰማው ነበር።