የፋሲል አከፋፈት

ጠዋት ተነሥቼ ፊቴን ታጠብሁ፣ ለዶሮዎቹ ጥሬ በተንሁ፣ ከትናንት የተረፈውን ሽሮ አሙቄ ቀመስሁ። ከዚያ ጥቁሩን ቀሚሴን አወለቅሁና ነጩን ለብሼ ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚወጣው ሚኒባስ ተሳፈርሁ።

ጉና ሥር የሚኖሩት አማቴ አባ ባዩ የልጃቸውን ሞት አልሰሙም። ባሌ ፋሲል በድንገት ያረፈው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። እሳቸው ያን ጊዜ ልባቸውን ታመው ነበርና ታላቁ ልጃቸው ደረጄ፣ «እስኪጠነክሩ መርዶው ይቆይ» አለ። ፋሲል ሥልጠና ሄዷል አልናቸው።

በየዓመቱ ለዳግማይ ትንሣኤ አባትና ልጅ ሰንጠረዥ ይጋጠማሉ፤ የተሸነፈ በግ ያርዳል። ዘንድሮ፣ «እሱ ካልመጣ ምሽቱ ትምጣ» ብለው ላኩብኝ። ብቀር ይጠረጥራሉ።

«አባ፣ በጉን ከአሁኑ ላስመጣ?» አለ ደረጄ ሰሌዳው ሲዘረጋ።

«አንተ ፈረሱን ከንጉሡ ሳትለይ ምን አገባህ?»

በአገራችን አጨዋወት መክፈቻው ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ተራ የለም፤ ሁለቱም እንደ እጃቸው ፍጥነት ይሰለፋሉ።

«ሽማግሌ ነው ብለሽ እንዳታዝኝልኝ» አሉኝ።

እኔ የማውቀው ፋሲል ብቻውን ሲለማመደው ያየሁትን ነው። ሁለቱን ፈረሶች በግራ አጠጋጋሁ፤ ወታደሮቹን ከፊታቸው ደረደርሁ።

የአባ እጅ ሰሌዳው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ይህን ከማን አየሽ?»

«ፋሲል ሲለማመድ።»

«ለመስቀል መጥቶ፣ ‹አባ፣ የማሸንፍዎትን አከፋፈት አግኝቻለሁ› ብሎኝ ነበር። ለዛሬ ያስቀመጠው ነው።» ቀና ብለው አዩኝ። «እሱ ቢኖር አንቺ ይህን አትነኪበትም ነበር፣ ልጄ።»

ወደ ደረጄ ዞሩ፤ እሱም መሬት መሬት ያያል።

«መቼ ነው?»

«ጾሙ ሊገባ ሲል» አልሁ። ድምፄ ወጣ፤ እንባዬ ግን አልወጣም።

ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ኋላ ገልጠው እጃቸውን ዘረጉና አንዱን ወታደሬን በሉ።

«ተራሽ ነው» አሉኝ።

አንድ ፈረስ አንቀሳቀስሁ። ደረጄ ጎረቤት ሊጠራ ወጣ።

እስከዚያ ሰዓት ድረስ ፋሲልን ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ አንድ ሰው ነበር። አሁን የሚጠብቀው የለም።