ሀፍሷ ያልሳለችው ቀስት

የሱቄን ቆጥ የወሰደችብኝ የገዛ ልጄ ናት። ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ግን አልረሳሁም። መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ውስጥ ቆጥ የሌለው ሱቅ ግማሽ ሱቅ ነው። ሌላው ዕቃውን ላይ ይሰቅላል፤ እኔ ጆንያዬን በር ላይ ደርድሬ ደንበኛ በጎን እየሾለከ ይገባልኛል። ሀፍሷ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የመጣች ጊዜ "ለጊዜው ነው እማዬ፣ ቤት ውስጥ መሥራት አልቻልኩም" ብላ ኮምፒውተሯን ታቅፋ ቆጡ ላይ ወጣች። እዚያው ቀረች። እውነቷን ነው፣ በሁለት ክፍል ቤት፣ በእህቶቿ ልጆች ጩኸት መሀል አይሠራም። ቢሆንስ? ቆጡ የእኔ ነው።

ከቆጡም በላይ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ሰው "ልጅሽ ምን ትሠራለች?" ሲለኝ መልስ የለኝም። እሷን ስጠይቃት "ዳታቤዝ" ብላኝ ትዞራለች። መርካቶን ተወልጄ አድጌበታለሁ፣ የዳታቤዝ ተራ የሚባል አላውቅም።

የሟቹ ባሌ ወንድም ሙናዊር ዱባይ ተራ ከውጭ ጫማ እያስመጣ ይሸጣል። ማስቀመጫ ጠቦት መጣና፣ "ራዲያ፣ ቆጡን ለእኔ ልቀቂልኝ። ልጅቷም አቧራ ውስጥ ከምታረጅ እኔ ሱቅ ትግባ" አለኝ። "እሺ፣ አርብ ከጁምዓ በኋላ ና" አልኩት። ለሀፍሷ አልነገርኳትም። ቆጡ ከሄደ ሥራዋም አብሮ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው አፌ እምቢ ያለኝ።

አርቡ ደረሰ። ልነግራት የግድ ነውና የቆጡን መሰላል እንደ ምንም ወጣሁ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ከወጣሁበት ቆይቻለሁ። ሀፍሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስልክ ታወራለች፤ ድምፁን ወደ ውጭ ለቃዋለች። አለቃዋ ናት፣ ዶክተር ማርያማዊት የምትላት። ኮምፒውተሩ ላይ ክብ ክብ ነገር ተሥሎ በመስመር ተያይዟል፤ የአብዛኛው መስመር ጫፍ ቀስት ነው።

"ሀፍሷ፣ ያቺን ቀስት አስገቢያትና ገጹን እንዝጋው" ትላለች ዶክተሯ። "ሁሉም እኮ እንደዚያ ነው የሚያስቀምጣት።"

"ሁሉም የሚጠቅሰው አንድ ጥናት ነው፣ ዶክተር። እሱም የሚለው ሁለቱ ፕሮቲኖች አብረው ይጨምራሉ ነው። አንዱ ሌላውን አዘዘው አላለም። የመጀመሪያውን ዘግቶ ሁለተኛው ምን እንደሚሆን ያየ ሰው የለም።"

"ሳምንቱን ሙሉ የጠፋሽው ይቺን ስታጣሪ ነው?"

"አዎ።"

"ግትር ነሽ እኮ!"

"እናቴን ስለማያውቋት ነው።"

ዶክተሯ ሳቀች። "እንዳልሽ ይሁን። ክፍት ተዪው፤ ለምን እንደተውሽው ግን ጻፊበት።"

ሀፍሷ ዞር ስትል አይታኝ ደነገጠች። "እማዬ! ጉልበትሽስ?"

"ጉልበቴን ተዪውና ይሄ ምንድን ነው? ዛሬ ዳታቤዝ ብለሽ አታመልጪኝም።"

ፈገግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። "ደንበኛ በር ላይ ቆሞ የሌለሽን ዕቃ ሲጠይቅሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ቁጭ በል እለዋለሁ። ለጎረቤቴ ለጠሂራ እነግራለሁ፤ እሷ ለደላላው ለበሪሁን፤ በሪሁን ኩሊ ወደ መጋዘን ይልካል።"

"ደንበኛው መጋዘን ይገባል?"

"ምን ቆርጦት!"

"ሰውነታችን የተሠራበት ሴልም እንደዚያው ነው። ከውጭ የመጣው መልእክት ደጅ ላይ ይቆማል። ደጁ ላይ ያለው ፕሮቲን ተቀብሎ ለቀጣዩ፣ ያ ደግሞ ለሌላው፣ እያለ መሀል ድረስ ይደርሳል። ማን ለማን እንደሚነግር አጣርቼ መስመር መስመሩን አስይዘዋለሁ። ዳታቤዝ ማለት ይሄ ነው፤ መድኃኒት የሚፈልግ ተመራማሪ የትም ሆኖ ከፍቶ ያየዋል።"

"ይሄ ጫፉ ቀስት የሌለው፣ ድፍን ያለው መስመርስ?"

"ቀስቱ ሂድ ነው፤ እሱ ቁም ነው። ቁም የሚለው ሳይደርስ ሲቀር ሴሉ መብዛቱን አያቆምም። ካንሰር የሚመጣበት አንዱ መንገድ ይሄ ነው።"

ይሄ እንኳን ገባኝ። ባለፈው ለኢድ አንድ ደንበኛ በርበሬ አዝዞ ቀረ። እኔ ይቅር ብዬ ለጠሂራ ነገርኳት፣ ጠሂራ ለበሪሁን ሳትነግር ቀረች፣ ጆንያው እየመጣ በሬ ላይ ተከመረ። ኩሊው ላይ ብጮህ "አምጣ ነው የተባልኩት፣ ተው ያለኝ የለም" አለኝ። ምን ይደረጋል፣ ልክ ነው።

"እዚህ ጋ ባዶ የተውሽውስ? ሰው ሲያየው አያሳፍርሽም?"

"ያላወቅነው ነዋ። የውሸት ቀስት ባስቀምጥ አንዱ አምኖት ዕድሜውን ይፈጅበታል።"

እዚህ ገበያ ሰው ዕቃው ባይኖረውም መጀመሪያ "አለ!" ነው የሚልህ፤ እኔም እላለሁ። የእኔ ልጅ አላውቅም ለማለት ሳምንት ሙሉ አንብባለች። በእኔ በርበሬ ብናኝ እያስነጠሰች።

ከታች የሙናዊር ድምፅ መጣ። "ራዲያ! ካርቶኑ መጥቷል፣ ወደ ላይ ላስወጣ?"

"የምን ካርቶን?" አለች ሀፍሷ። ፊቷ ተለዋወጠ።

አንገቴን በመሰላሉ አፍ ብቅ አደረግኩ። "ሙናዊር፣ ቆጡ አይለቀቅም።"

"እሺ ብለሽኝ አልነበር እንዴ?"

"ብዬህ ነበር። አሁን ቁም እያልኩህ ነው። ለኩሊዎቹም ንገራቸው፣ ሳይሰሙ እንዳይጭኑብኝ።"

"ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ? ለመሆኑ ልጅሽ እዚያ ላይ የምትሠራው ምንድን ነው?"

ያቺ ጥያቄ! "ሰውነትህ ውስጥ ማን ማንን እንደሚያዝ ነው የምትጽፈው። ያላረጋገጠችውን አትጽፍም። ኦርጅናል ነው የምትለውን ጫማህን አምጣና አሳያት እስቲ!"

ኩሊዎቹ ሳቁ። ሙናዊር እያጉረመረመ ካርቶኑን አስመለሰ፤ እስከ ዛሬ አኩርፎኛል።

ሰኞ አናጢውን ሃብታሙን ጠራሁት። በመንገዱ በኩል መስኮት አስከፈትኩላት። መሰላሉን አስነቅዬ መደገፊያ ያለው ደረጃ አሠራሁ።

"እትዬ ራዲያ፣ ልጅቷ እኮ መሰላሉን ለምዳዋለች" አለኝ።

"ደረጃው የእኔ ነው" አልኩት። ሥዕሏ ላይ ያ ባዶ ቦታ የሞላ ዕለት ወጥቼ ማየት እፈልጋለሁ።

ቆጥ ላይ የቀሩኝን የበርበሬ ጆንያዎችም አወረድኩ። ሁሉም አሁን በር ላይ ነው። ደንበኛ በጎን ይሹለክ።