አንድ ነጥብ ዘጠኝ

የነርሷ ታላቅ ወንድም አናጢ ነው፤ ነገር ግን በቁጥር ለክቶ ሬሳ ሣጥን ሠርቶ አያውቅም። ሲባጎውን ከሟቹ ራስ እስከ ተረከዙ ይዘረጋል፣ ይቋጥራል፣ በቋጠሮው ልክ እንጨት ይቆርጣል፤ አለቀ። ከሦስተኛ ክፍል ወጥቶ መጋዝ የያዘ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ያስወጡት ደግሞ የገዛ አባቱ ናቸው። «ለአንድ ቤት አንድ ተማሪ ይበቃል» ብለው እሷን ወደ ትምህርት ቤት፣ እሱን ወደ ወርክሾፑ ላኩ።

ዛሬ እኚሁ አባት ሞቱ። አናጢው ሲባጎውን ይዞ እስከ በሩ መጣና ቆመ። እህቱ ገብታ በሜትር ለካችለት።

«አንድ ነጥብ ዘጠኝ» አለችው ስትወጣ።

ፊቱ ትንሽ ፈካ። ደንበኛ አዝዞት የቀረ፣ ከምርጥ እንጨት የተሠራ ሣጥን ነበረው። ክዳኑ ላይ ደንበኛው ራሱ በሜትር ለክቶ የውስጥ ርዝመቱን 1.85 ብሎ ጽፎበታል።

«እንዲያውም ይተርፋቸዋል።»

«ጋሼ፣ ያጥራል እኮ!»

«ሰማንያ አምስት ከዘጠኝ ያንሳል? ሆሆ!»

«ከነጥብ በኋላ ያለው ዘጠኝ እንደ ዘጠና ነው። ዜሮ ጨምርበት፤ አንድ ነጥብ ዘጠና። ከዚያ ላይ አንድ ነጥብ ሰማንያ አምስትን ቀንስ። አምስት ሳንቲ ሜትር ይጎድላል።»

«ዜሮ ማለት ምንም ነው። ምንም ጨምረሽ ዘጠኙን ዘጠና ልታደርጊብኝ?» ዓይኑ ቀላ። «በአባቴ ሬሳ ላይ መሃይም ልትይኝ ነው?»

ነርሷ ሜትሩን ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። የተማረችው በእሱ ትከሻ ነው፤ በምን አፏ ትከራከረው? ይህ ግን ለማንም አልበጀም።

ሣጥኑ መጣ። ቀባሪው ደጁን ሞልቶታል። አባትየውን ሲያስተኟቸው ራሳቸው ገባ፣ ወገባቸው ገባ፤ ተረከዛቸው ጠርዙ ላይ ቀረ። አንድ ጎረቤት ሳያስበው ሳል አለና ፊቱን አዞረ።

አናጢውን ላብ አጠመቀው።

«ሌላ ሣጥን ሥራ፣ ጋሼ» አለችው እህቱ በጆሮው። «ሰዉ ይጠብቃል።»

«አልሠራም!» አለ ጮክ ብሎ። አባቱን አንተ ሲል ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው። «ነጥብ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ከክፍል ጎትቶ ያወጣኝ እሱ ነው። ባስተማረኝ ልክ ሠራሁለት። ይታጠፍ!»

ከዚያም እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ የአባቱን ጉልበት በገዛ እጁ አጠፈ። እህቱ ክዳኑን ያዘችለት።